የቦነሱ ነገር ስላሳሰበኝ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህን ያህል ጊዜ ሳንጻጻፍ መቆየታችን ግን ሲከነክነኝ ኖሯል። የደንበኞች አገልግሎት መምሪያ ኃላፊ መሆንህንና ለሠራተኞችህ በቀን ባስተናገዱት ደንበኛ ቁጥር ልክ ቦነስ ልትከፍል ማሰብህን ከጋራ ወዳጃችን ስሰማ፣ ደስታዬንም ስጋቴንም ይዤ ብዕር አነሣሁ።

ገንዘብ ሰውን አያተጋም ብዬ አልከራከርህም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ኤድዋርድ ላዚር፣ ሴፍላይት የተባለው የአሜሪካ የመኪና መስታወት ገጣሚ ኩባንያ በሰዓት ከመክፈል በተገጠመው መስታወት ቁጥር ልክ ወደ መክፈል ሲዛወር የአንድ ሠራተኛ ምርት በአማካይ በ44 በመቶ ገደማ ማደጉን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። ነገር ግን እዚያ ሥራው አንድ ዓይነት ነበር፤ መስታወቱን አበላሽቶ የገጠመም ራሱ መልሶ እንዲገጥም ይደረግ ነበር። የአንተ መምሪያ ሥራ እንዲህ አይደለም።

ዌልስ ፋርጎ በተባለው የአሜሪካ ባንክ የደረሰውን አስብ። የቅርንጫፍ ሠራተኞች ለእያንዳንዱ ደንበኛ ብዙ ዓይነት አገልግሎት እንዲሸጡ ኮታ ተጥሎባቸው፣ ቦነሳቸውም ሥራቸውም በዚያው ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ብዙዎቹ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ መክፈት ጀመሩ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ እስከዚያው 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባርረው ነበር፤ ያለ ፈቃድ ሳይከፈቱ አይቀሩም የተባሉት ሒሳቦችም በኋላ በተደረገ ማጣራት 3.5 ሚሊዮን ገደማ ደረሱ። እኔን ከቅጣቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ ኮታው በቅንነት ሊሞላ የማይችል በሆነበት ቦታ እውነተኛው ሠራተኛ ሰነፍ ተብሎ መቆጠሩ ነው።

ደግሞም ማንም ሳያጭበረብር ጉዳቱ ይደርሳል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ቤንግት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳስረዱት፣ ከአንድ ሰው ተግባራት መካከል ለሚቆጠረው ብቻ አብዝተህ ስትከፍል ሰውየው ልቡን ከማይቆጠረው ላይ ያነሣል፤ ስለዚህም አንዳንድ ጊዜ ቋሚ ደመወዝ ይሻላል። በአንተ ዘንድ አዲስ ባልደረባን ማሠልጠን፣ የተቆጣን ደንበኛ በትዕግሥት መስማት፣ የራስን ስሕተት ሳይደብቁ ማሳወቅ፣ እነዚህ ሁሉ በየትኛው ዓምድ ይመዘገባሉ? ጉዳዩ የተወሳሰበበት ደንበኛ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲገፋ ይታየኛል፤ የሚገፋውም ክፉ ሠራተኛ ሳይሆን የቤት ኪራይ የደረሰበት ሠራተኛ ነው።

በጀቱ ካለህ መነሻ ደመወዙን ከፍ አድርግላቸው። ቦነስ የግድ ከሆነ ለመላው ክፍል የጋራ ይሁን፤ መጠኑም ከደመወዙ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ይሁን፤ ቁጥሩንም ችግር ያለበትን ቦታ ለማየት እንጂ ለመክፈያ አትጠቀምበት። አንዴ የተሰጠ ቦነስ ሲነሣ ደመወዝ እንደመቀነስ ስለሚቆጠር፣ መመሪያው ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን ላክልኝ፤ መስኮት ላይ የሚሠሩትንም ሰብስበህ፣ ይህ ቢወጣ የትኛውን ሥራ ትተዋላችሁ ብለህ ጠይቃቸው። መልሳቸውን ጽፈህ እስክትልክልኝ እጠብቃለሁ።

አክባሪ ወዳጅህ