ማሲንቆ የምትለው ቁልፍ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ብቻ ክረምቱ ሲገባ ያስቸግራታል።

የላክኸውን ሙዚቃ አራት ጊዜ ሰማሁት። አንዱን ከእናትህ ጋር ነው፤ እሷ እልል አለች። ሳልህን ቀድተህ ብትልክላትም እልል ስለምትል የሷን ተወው። ምቱ ያምራል። ቤዙም ሆድ ውስጥ ይገባል። "ባህላዊ እንዲሆን ማሲንቆ ጨመርኩበት" ያልከው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ማሲንቆውን ከኪቦርዱ ቁልፍ ተጭነህ ነው ያመጣኸው አይደል? ያስታውቃል። ማሲንቆ ያለው አንድ ጅማት ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። ተጫዋቹ ጅማቱን በጣቱ ነካ እያደረገ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ያንተው ግን ጉልበቱን እንደሚያመው ሰው ደረጃውን እየቆጠረ ይወጣል። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው ለጉሮሮው እንዲስማማ አድርጎ ነው። ያንተው ለማን ጉሮሮ እንደተቃኘ እንጃ።

ጌታቸው መኩሪያን ሰምተኸው ታውቃለህ? ሳክስፎን የፈረንጅ መሣሪያ ነው፤ ሰውየው ግን ሽለላ ተጫወተበት። ጦር ሜዳ የሚወርድ ጀግና የሚሸልለውን፣ ያንኑ። ከሳክስፎኑ በፊት ክራርና ማሲንቆ ይነካ ነበር። መድረክ ላይ ጎፈር ደፍቶ ሲነፋ ናሱ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ አጥሮት መልሶ ይነሳል። አያትህ ሬዲዮ ላይ ሲሰማው ቁጭ ማለት አይሆንለትም ነበር፤ ከዘራውን ይዞ ይቆማል። እስቲ ፍረድ፣ የትኛው ነው ባህላዊ? የሱ ሳክስፎን ወይስ ያንተ የማሲንቆ ቁልፍ?

የሚነፋው የናስ መሣሪያማ የመጣው ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው የማርሽ ባንድ አቋቋሙ። ከዚያ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉ ባንድ አወጣ። መሣሪያው የሰው አገር ነው፤ ቅኝቶቹ፣ ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉና አንቺሆዬው ግን እዚሁ ነበሩ። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን ድረስ ሄዶ ጃዝ ተምሮ ሲያበቃ የለፋው በዚህችው ነገር ነው፦ አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት 12 ድምፅ ካለው የፈረንጅ ሙዚቃ ጋር ሳይሟሟ ማኖር።

ደግሞ የኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስልህ። ዚምባብዌ ውስጥ ሾናዎች ምቢራ የሚሉት በአውራ ጣት የሚነካ የብረት መሣሪያ አላቸው፤ የአያቶቻቸውን መንፈስ ሲጠሩ ይጫወቱታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአገሩ ዘፋኝ የቶማስ ማፕፉሞ ጊታሪስቶች የጊታሩን ክር በመዳፋቸው እያፈኑ የምቢራውን ዜማ አወጡበት። የዚያን ጊዜው የነጮች መንግሥት ማፕፉሞን በዘፈኖቹ የተነሳ አሰረው። ጊታር የፈረንጅ ነው ብሎ አልማረውም!

አሁን "አባባ ኮምፒውተር ይጠላል" ትላለህ። አልጠላም። ካሴት ቤት ሳለሁ ከምወዳቸው አንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የቀዳው ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ። አኮርዲዮን ይዞ፣ ከስሩ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን አድርጎ፣ ብቻውን። የድራም ማሽን ነው የምልህ! ግን አኮርዲዮኑ ይተነፍሳል፣ ዜማውን እያባበለ ይሄዳል። በኋላ እዚያው ታክሲ ሲነዳ፣ ኤርፖርት ተራው እስኪደርስ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አንተ ሰፈር አካባቢ ማለት ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ማሲንቆዋን አውጣትና ዜማውን መጀመሪያ በአፍህ አንጎራጉረው። ስትነዳም፣ ሻወር ቤትም። የት ላይ እንደምትንሸራተት ጉሮሮህ ይነግርሃል። ከዚያ በፈለግኸው መሣሪያ ተጫወተው፣ በመኪና ጥሩምባም ቢሆን። አንድ ነገር ደግሞ፦ ዜማህ አንቺሆዬ ነው፤ ከስር ያስገባኸው ኮርድ ግን እጁን ይዞ ሌላ ሰፈር ይወስደዋል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ስማው። እዚያ ጋ እናትህ እንኳ እልልታዋን አቁማለች።

ካሳንቺስ የማውቀው አንድ አዝማሪ አለ። ያንተን ዜማ በስልክ አሰምቼው ማሲንቆውን እንዲቀዳልህ ለምኜዋለሁ። "ግጥሙን ተቀበል ይበለኝ፣ እጫወታለሁ" ብሏል። ስለዚህ ግጥም ላክ። አማርኛህ ከተበላሸ እኔ አቃናዋለሁ።

የኃይሉን ካሴት በሚመጣው ሰው ልኬልሃለሁ፤ በርበሬው መሃል ፈልገው። ማጫወቻ የጓደኞችህ አባቶች ጋ አይጠፋም። ከመክተትህ በፊት ግን የቴፑን ራስ በአልኮል ጥረገው። ካሴቱን ቢበላው አልታረቅህም።

አባትህ