ስለቱ እስኪቆም ጠብቅ

ውድ ልጄ፣

በመጪው ሳምንት ትራክተሩን ብቻህን ይዘህ ወደ ማሳ እንደምትወጣና ከኋላው በሚጎተተው ባለ ስለት ማሽን ሣሩንና ቁጥቋጦውን እንደምትመነጥር ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አነዳድህ አያሳስበኝም፤ ማርሽ አቀያየርህም ሆነ አስተጣጠፍህ ከእኔ ይሻላል። የምጽፍልህ ከወንበሩ ተነሥተህ ስለምትወርድባት ደቂቃ ነው፤ እኔን ለአደጋ ያቀረበችኝ እርሷ ናትና።

አንተ ገና ሳትወለድ፣ ስመነጥር ውዬ ከማሽኑ ሥር ብረት ሲጋጭ ሰማሁና ፒቲኦውን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደ ማሽኑ የሚያስተላልፈውን ክፍል፣ አጥፍቼ፣ ሞተሩን ግን ሳላጠፋ ዘልዬ ወረድሁ። ግማሹ ከማሽኑ ሽፋን ሥር የገባ ሽቦ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ነበር። ልስበው ጎንበስ ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ ከሽፋኑ ጠርዝ አጠገብ ያለው ሣር ነፋስ በሌለበት ሲርገበገብ አየሁ። ስለቶቹ ገና እየዞሩ ነበር፤ ድምፃቸውን የሞተሩ ጩኸት ውጦት ኖሮ አልሰማሁም። እጄን የመለሰልኝ ያ ሣር ነው።

ስለቶቹ ወፍራም ብረት ናቸው፤ የተንጠለጠሉበትም አካል ከባድ ስለሆነ፣ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም በራሳቸው ክብደት መዞራቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልማድ አድርገው፦ ፒቲኦውን አጥፋ፣ ማሽኑን መሬት አስነካ፣ ካምቢዮውን ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ቁልፉን ኪስህ ክተት፣ ከዚያም ስለቱ ፈጽሞ መቆሙን እስክታረጋግጥ ድረስ ከወንበሩ አትነሣ። ስለት ለመቀየር ወይም የተጠመጠመ ለማውጣት ሥሩ መግባት ካለብህ ደግሞ፣ በጠንካራ ማስደገፊያ ሳታስደግፈው በሃይድሮሊክ ብቻ ወደ ተነሣ ማሽን ሥር እጅህንም አታስገባ፤ ዘይቱ ካፈሰሰ ወይም አንድ ሰው ሳያውቅ ማንሻውን ከነካው ማሽኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል።

የእኛ ትራክተር አሮጌ መሆኑንም አትርሳ። ፒቲኦው ከጉዞው ፍሪሲዮን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ፍሪሲዮን ረግጠህ ልትቆም ስትል የስለቶቹ ጉልበት በዘንጉ በኩል ተመልሶ ትራክተሩን ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል። ይህን የሚከለክለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው መገጣጠሚያ ነው፤ እርሱ በቦታው ሳይኖር አጥር ወይም ጉድጓድ አጠገብ አትሥራ።

ትራክተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ከስለቶቹ ያልተናነሰ ያስፈራኛል። በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። ውፍረቱ 35 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነበት ቦታ እንኳ የሸሚዝህን ጫፍ ቢይዝ፣ በአንዲት ሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል፤ ሰው ደግሞ ደንግጦ እጁን ለመሳብ እንኳ ከዚያ የተረፈ ጊዜ የለውም። ሰፊ ጃኬት፣ የተንጠለጠለ ክር ወይም የአንገት ልብስ ለብሰህ አትቅረበው፤ እየዞረም በላዩ አትሻገር።

ማሳውን ሳትመነጥር አስቀድመህ በእግርህ ዙረው። ሣር የሸፈነውን ድንጋይ፣ ጉቶና ሽቦ ከወንበር ላይ ሆነህ አታየውም፤ የስለቱ ጫፍ ግን በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚፈጥን፣ ያገኘውን ድንጋይ እንደ ጥይት ይወረውረዋል። አንድ ጊዜ ማሳው ዳር ያስቀመጥሁትን የውኃ ጀሪካን ድንጋይ በስቶት አገኘሁ፤ ሲወረወር አላየሁም፣ አልሰማሁምም። በ100 ሜትር ውስጥ ሰው ካየህ፣ በተለይም ልጅ ከሆነ፣ ፒቲኦውን አጥፍተህ እስኪርቅ ጠብቅ። ከፊትና ከኋላ የተንጠለጠሉት የመከላከያ ሰንሰለቶች ቢጎድሉ መሥራትህን አቁም።

ማንንም አትጫን። ታናሽህ አንድ ዙር ብቻ ብሎ ቢያለቅስም እሺ አትበለው፤ ከትራክተር የወደቀ ሰው የሚያገኘው ከኋላ የሚመጣውን ማሽን ነው። ተዳፋት ላይ ቀስ በል፤ የመገልበጥ መከላከያው ብረት ተተክሎ ሳለም ቀበቶህን እሰር፣ ቀበቶ ካልታሰረ ብረቱ ብቻውን አያድንህም።

የዘንጉ ፕላስቲክ ሽፋን በማሽኑ በኩል መሰነጠቁን ባለፈው አይቻለሁ። በሽቦ አስረህ ልትሠራበት እንዳታስብ፤ አዲሱን ይዤ እመጣለሁና አብረን እስክንገጥመው ድረስ ማሽኑ በቆመበት ይቆይ።

አባትህ