የዶሜናችን ሂሳብ ለምን ከቨርጂኒያ ይከፈላል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለአነስተኛ ነጋዴዎች ዌብሳይት እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ በተወራ ቁጥር «ነጋዴዎቻችን ለምን ዶት ኢቲ አይገዙም?» የሚል ወቀሳ አይጠፋም። ዶት ኢቲ በኢትዮጵያ መለያ የሚያበቃ የዌብሳይት ስም፣ ማለትም ዶሜን፣ ነው። ወቀሳው ያላጠፋውን ሰው የሚወቅስ ይመስለኛል።

መገናኛ አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሠራ ደንበኛ አለኝ። ዌብሳይቱ ዶት ኮም ነው። የዶሜኑንም የሆስቲንጉንም (የዌብሳይቱ ማስቀመጫ ኪራይ) ሂሳብ በዶላር የምትከፍልለት ቨርጂኒያ ያለች የአክስቱ ልጅ ናት። አምና የባንክ ካርዷ ጊዜው አለፈ። ማስጠንቀቂያው የሚላከው በእሷ ኢሜይል ነው፤ እሷ ደግሞ ሁለት ሥራ የምትሠራ ሰው ናት፣ አላየችውም። ሰውዬው ነገሩን የሰማው ሶፋ ሊያዝ ከመጣ ገዢ ነው። «ገጽህ እኮ አይከፈትም» አለው። ስሙን ለማስመለስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ «ተወው ባክህ፣ ቴሌግራም ይበቃኛል» አለኝ። ምን ልበለው?

ዶሜን ታፔላ ነው። ታፔላ ደግሞ የሚሰቀለው ቤት ላይ ነው። የዚህ ሰው ቤት፣ ማለትም ሰርቨሩ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር)፣ ያለው ጀርመን ነው። ሲኤምሲ ያለ ገዢ የመገናኛውን አልጋ ፎቶ ለማየት ሲነካ፣ ጥያቄው በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጀርመን ደርሶ ይመለሳል። በታክሲ ሄዶ በዓይኑ ቢያየው ሳይቀርበው አይቀርም። (መንገዱ ካልተዘጋጋ ማለቴ ነው።)

ኬንያ ውስጥም እንዲሁ ነበር። ከናይሮቢ ለናይሮቢ የሚላክ ኢሜይል በሳተላይት ውጭ አገር ደርሶ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የኢንተርኔት ድርጅቶቹ ተሰባስበው የአገር ውስጥ ዳታ የሚቀባበሉበት መለዋወጫ ከፈቱ። ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። የስልክ ድርጅቱ ቴልኮም ኬንያ «ይህ የእኔ ብቸኛ መብት ነው» ብሎ ከሶ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዝጉ አላቸው። ተሟግተው በ2002 መጀመሪያ እንደገና ከፈቱት። ከሳሹም በኋላ ራሱ መጥቶ ገባበት!

ውጤቱን ኢንተርኔት እንዲስፋፋ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኢንተርኔት ሶሳይቲ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አስፍሮታል። ከ200 እስከ 600 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺህኛ) ይፈጅ የነበረው የዳታ ምልልስ ከ2 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ወረደ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ሳይቀር ከመለዋወጫው ጋር ተገናኘ። ከኬንያ የኢንተርኔት ፍሰት አገር ውስጥ የሚያልቀው በ2012 ከመቶ 30 ገደማ ነበር፤ በ2020 ወደ 70 ደረሰ። ሰርቨርን አገር ቤት ማስቀመጥ የሚያዋጣው እንዲህ ሲሆን ነው።

እርግጥ መለዋወጫ ብቻውን ዶሜን አይሸጥም። የኬንያውን ዶት ኬኢ የሚያስተዳድረው ኬኒክ መዝገቡን ይይዛል እንጂ ችርቻሮው የብዙ ድርጅቶች ነው። ገዢው ከቤቱ ሆኖ በኤምፔሳ ይከፍላል። ዛሬ ከ100,000 በላይ ስሞች ተመዝግበዋል።

የእኛ ዶት ኢቲ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሠላሳ ዓመት! ለአብዛኛው ጊዜ የነበረው አንድ ቴሌ ብቻ ነው። አሁን ኦፕሬተሮቹ ሁለት ናቸው። ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ሴንተሮች (የሰርቨር ማኖሪያዎች) ተከፍተዋል። ቴሌብርም አለ። ዕቃው ተሟልቶ ሲያበቃ ወጡ ግን ገና አልተሠራም።

በብር ሆስቲንግ የሚሸጡ ልጆች አውቃለሁ፤ ጎበዞች ናቸው። ግን አብዛኞቹ ሰርቨሩን የሚከራዩት ከውጭ ነው። በብር ሸጠው በዶላር ይገዛሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ ዋጋ ቢሰቅሉ ደንበኛ ይሸሻል፣ ባይሰቅሉ ይከስራሉ። ዳታ ሴንተሮቹ የሚያስቡት ደግሞ ለባንክ ነው። ለአናጢ የሚሆን፣ በወር ጥቂት መቶ ብር የሚከፈልበት ጥግ ያስፈልገናል። ሁለቱ ኦፕሬተሮች፣ ዩኒቨርሲቲዎቹና ባንኮቹም የአገር ውስጥ ዳታቸውን የሚቀባበሉበት፣ የማንም ንብረት ያልሆነ መለዋወጫ ያስፈልጋል። ዶት ኢቲም እንደ ሞባይል ካርድ በየሱቁ ይቸርቸር። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ካልገዛ ያኔ እንውቀሰው።

የቤት ዕቃ ሠሪውን ስሙን እንዳይተው ያደረገው ቢዝነስ ካርዱ ላይ መታተሙ ብቻ ነው። የአክስቱ ልጅ አዲስ ካርድ የሚያበቃበትን ቀን እኔ ስልኬ ላይ አላርም ሞልቼበታለሁ።

ዌብሳይት ሠሪው
ከአዲስ አበባ