እትዬ፣ አባባን ሐኪም ዘንድ ውሰጂልኝ

ለተወደድሽው እኅቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የሌስተር ብርድ ገብቷል እንጂ ሥራዬም ጤናዬም አልጎደለብኝም።

በየቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አረጋውያን አብዛኞቹ የጉጅራት ሕንዶች ናቸው። ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 ከኡጋንዳ ሲያባርራቸው ብዙዎቹ እዚህ ከተማ ሰፈሩ። ከአፍሪካ መምጣቴን ሲሰሙ እንደ አገራቸው ልጅ ያዩኛል፤ ለሌላ የማይነግሩትንም ያጫውቱኛል።

በእንግሊዝ አገር ዕድሜው ከ50 እስከ 74 ለሆነ ሰው በየሁለት ዓመቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር መመርመሪያ በነፃ እቤቱ ድረስ በፖስታ ይላክለታል። ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ናት፤ ክዳኗ ላይ ቀጭን ዘንግ አለ። በዘንጉ ሰገራውን ጫር ጫር አድርጎ፣ መልሶ ከድኖ፣ ቀኑን ጽፎ በፖስታ መመለስ ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ይፈለግበታል፤ ከተገኘ ሰውየው ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ውስጡን በካሜራ ለሚያይ ምርመራ፣ ይጠራል። በሽታው ገና በጅምሩ ከተደረሰበት ከ10 ሰዎች 9ኙ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ።

ይህ ሁሉ ደጃቸው ድረስ መጥቶላቸው የደቡብ እስያ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ቁጥር ይመረመራሉ። ምርመራው በኮቨንትሪና በዎሪክሻየር ሲሞከር ከሌላው ሕዝብ 61 በመቶ ያህሉ ሲመረመር ከእነርሱ 33 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያኔ ናሙናው ከሦስት የተለያዩ ጊዜያት ሰገራ መወሰድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አንዴ ይበቃል፤ ልዩነቱ ግን ዛሬም አልጠፋም።

«ግድ የላቸውም» ሲባል ስሰማ አንጀቴ ያርራል። «ባ» ብዬ የምጠራቸውን እናት ልንገርሽ። ብልቃጧን ያገኘኋት መታጠቢያ ቤት፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ በፌስታል ላይ ፌስታል ተጠቅልላ ነው። ወጥ ቤታቸው ውስጥ የአማልክቱ ሥዕልና መብራት አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር እዚያ አካባቢ ዝር እንዲል አይፈልጉም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። በጉጅራትኛ ቢጻፍስ? ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። ፖስታ የሚያነብላቸው ወንድ ልጃቸው ነው። «ለልጄ ስለ ሰገራዬ ላውራ?» ብለው የሳሪያቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው ሳቡ። ደግሞስ ምንም ሳያማቸው በሽታ ፍለጋ ለምን ይሄዳሉ? የካንሰርን ስም መጥራት በሽታውን ራሱን መጥራት ነው ብለው ይፈራሉ።

መንገዱ የተከፈተው ቋንቋቸውን የምታውቅ ነርስ ወደ ቤተ መቅደሳቸው መጥታ፣ ሴቶቹን ለብቻቸው ሰብስባ፣ ባዶ ብልቃጥ እያገላበጠች ስታሳያቸው ነው። ባ በማግስቱ ፌስታሎቹን ፈቱ። አብራኝ የምትሠራ የባንግላዴሽ ሙስሊም ደግሞ እናቷ የሰጉት ለሶላታቸው እንደነበር ነገረችኝ፤ ኢማሙ «ታጥባችሁ ስገዱ» ካሉ በኋላ ላኩ። ከሐኪም ቤት የመጣው ወረቀት ያላደረገውን የሚያከብሩት ሰው አንድ ቃል አደረገው።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አባባ ነው። ከሰገራቸው ጋር ስለሚወጣው ደም በስልክ ስጠይቃቸው «ኪንታሮት ነው፣ ይተወኛል» ብለውኝ ወሬ ቀየሩ። አንቺ ደግሞ ቀበቷቸውን ሌላ ቀዳዳ አስበሱ ብለሽኛል። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ሳያየው ግን ማን አወቀ? ደም በዓይን ከታየ ብልቃጥም ምርመራ መጠበቅም የለም፣ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው። ለቁስሉ መድኃኒት እቀባለሁ የሚለውን ሰውዬ እባክሽ ከደጅ መልሺልኝ።

ለሴት ልጃቸው እንደማይናገሩ አውቃለሁ። ስለዚህ ንስሐ አባታቸውን ቀድመሽ አነጋግሪ፤ ቄሱ «ሂድ» ካሏቸው ይሄዳሉ። ሐኪሙ ጋ ሲገቡም ወንድማችን አብሯቸው ይግባ፣ አንቺ ውጭ ጠብቂ። ደሙ መቼ እንደጀመረ፣ ክብደታቸው መቀነሱን፣ ድካሙን ሁሉ ጽፈሽ ለወንድማችን ስጪው።

ኮሎኖስኮፒ ከታዘዘ ዋጋውን በዚያው ቀን ላኪልኝ። አዲስ አበባ መሄድ ካስፈለገም የአጎታችን ልጅ ቤት ያርፋሉ፤ ነግሬዋለሁ፣ እየጠበቀ ነው።

የምትወድሽ እኅትሽ
ከሌስተር