የመኪና ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አንዲት ፊያትና የጎደሏት ዕቃዎች

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ነው የከረመው። ሠራተኛ ሰፈር፣ የአንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪያችን አያት ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ ለብዙ ዓመታት የቆመች፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር አለች። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አያቷ፣ እኛም አባት የምንላቸው፣ ሸራውን ገልጠው ካሳዩን በኋላ፣ "ልጆቼ፣ ከነካችኋት አይቀር እንደነበረች መልሱልኝ፤ ሌላ መኪና አታድርጉብኝ" አሉን። አደራው ይሄ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ያደከመንም እሱ ነው።

ስፓይደሯ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ1966 እ.ኤ.አ. በቱሪን የመኪና ኤግዚቢሽን ነው። ቅርጿን ያወጣው ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን የመኪና ንድፍ ድርጅት ሲሆን ሞተሯ የመሐንዲሱ የአውሬልዮ ላምፕሬዲ ሥራ ነው፤ ቀደም ሲል ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረው ሰው ማለት ነው። ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ላይ ሁለት ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮላዎቹን የሚከፍቱ ዘንጎች፣ አለ። የሚያዞራቸው ካቴና ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ፍሬኗ ደግሞ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነው።

ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ስንወርድ ከሱቅ ሱቅ የሰማነው መልስ አንድ ነበር፦ "የላዳ ይገባልሃል።" ነጋዴዎቹ ያለ ምክንያት አይደለም እንዲህ የሚሉት። ላዳ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶሊያቲ ከተማ ስትመረት መነሻዋ ፊያት 124 የቤት መኪናዋ ናት። ነገር ግን ሩሲያዎቹ ለመንገዳቸው ሲሉ ብዙ ነገር ለውጠዋል፤ የኋላውን ዲስክ ፍሬን ትተው ታምቡር አደረጉ፣ ሞተሩንም በካቴና የሚዞር አንድ ካምሻፍት ሰጡት። ስለዚህ ዝምድናው እውነት ነው፤ ለእኛ ሞተርና ለኋላ ፍሬናችን ግን አይረዳም። ይህን በደንብ ሳናውቅ በኅዳር አዲስ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ "የፊያት ስፖርት ኦርጅናል" የውሃ ፓምፕ ገዛን። ከሞተሩ ጋር ስናስተያየው የብሎን ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም። ጡረታ የወጡት መካኒካችን፣ ተማሪዎቹ "ጋሼ" የሚሏቸው፣ አንዴ አገላብጠው አዩትና "ይሄ ላዳ ነው፤ ካርቶኑን ነው የገዛችሁት" አሉ። ከክበቡ መዋጮ የወጣ ገንዘብ ስለነበር አዘንን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ካርቶን አይተን አልገዛንም። ዕቃው ላይ በቀለጠው ብረት የወጣውን ምልክትና ቁጥር ሳናነብ፣ አሮጌውን ከጎኑ አስቀምጠን ሳንለካ ኪሳችን አልገባንም።

ከሁሉ የምኮራበት የጥር ወር ሥራችን ነው። ዕቃ ለማዘዝ የሞተሩን መጠን በእርግጠኝነት ማወቅ ነበረብን፤ ሊብሬው ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዟል። ተማሪዎቹ ቴስታታው ተነሥቶ ሳለ ሲሊንደሩን በቬርኒየር ለኩ፤ 80 ሚሊ ሜትር ሆነ። "1438 ነው!" ብለው ጮኹ። ጋሼ ግን አልተቀበሉም። ቀጥሎ የመጣው ባለ 1608 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትሩ ሞተርም ሲሊንደሩ 80 ነው፤ ልዩነቱ ያለው ፒስተኑ ወጥቶ በሚወርደው ርቀት ላይ ነው። ኮሎውን፣ ፒስተኖቹ የተያያዙበትን ዘንግ፣ በእጅ እያዞሩ ፒስተኑን ከላይ እስከ ታች አስኬዱት፦ 71.5 ሚሊ ሜትር። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ወዲያው ሰሌዳው ላይ ወጣች፤ 3.1416 በ4 በ4 በ7.15፣ ያንን በአራት ሲሊንደር፤ 1437.6 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር። የሲሊንደርን ይዘት በሒሳብ ክፍል ስንት ጊዜ አስተምረናል፤ ክፍሉ ለመልሱ ሲያጨበጭብ ግን ያኔ ነው ያየሁት።

የዕቃ መዝገቡ በጣሊያንኛ ነበር፤ ፈርተነው ነበር። ገልጠን ጮክ ብለን ስናነበው ግን ጋሼ በየገጹ "እሱን አውቀዋለሁ" ይላሉ። ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ፤ በየጋራዡ ከልጅነት ጀምሮ የምንሰማው ቃል ሁሉ እዚያው ተጽፎ ተገኘ። ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ መዝገቡን ያለ አስተርጓሚ ነው የተጠቀሙበት።

ኦርጅናል የሚለውን ቃል ግን በጭፍን አላመለክነውም። በመጋቢት ከነማሸጊያው የተቀመጠ፣ የዘመኑ እውነተኛ ቺንጋ ተገኘ፤ ልጆቹ በደስታ ዘለሉ። እኔ ከለከልኩ። ጎማ ሳይሠራም ያረጃል፤ ቺንጋው ቢበጠስ ካምሻፍቱ ይቆማል፣ ቫልቮላና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። አዲስ የተመረተ ቺንጋ፣ የውሃ ፓምፕና የፍሬን ጎሚኒዎች የአንድ ተማሪ አጎት ከጣሊያን ሲመጡ በሻንጣቸው ይዘውልን መጡ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ በራሳችን ማስመጣቱ ከአቅማችን በላይ ሆኗልና እግዚአብሔር ይስጥልን።

ካርቡራቶሩን ግን አልቀየርነውም። ዌበር ነው፤ አካሉ ላይ ቦሎኛ የሚል የጣሊያን ከተማ ስም ማህተም አለበት። የዌበር ምርት በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወደ ስፔን ስለዞረ የቦሎኛው በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ በትነን አጥበን ጓርኒሲዮኑን ብቻ ለወጥን። የኋላ ካሊፐሮቹ (የፍሬን ዲስኩን የሚጨብጡት) ፒስተኖች ዝገት በልቷቸው ስለነበር በቶርኖ አዲስ አስወጣን። እዚህ ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ "አዲስ አበባ የተሠራ ፒስተን ካለ መኪናዋ እንደነበረች አይደለችም" አለ። አባትን ጠየቅናቸው። "ፍሬን ከሌላት ምን ታደርግልኛለች? ብቻ ጻፉት" አሉ። የትኛው ዕቃ ከፋብሪካዋ፣ የትኛው ከእኛ እንደሆነ የሚያሳይ ደብተር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከ ሰኔ 64 ዕቃ ተመዝግቧል።

ሞተሩ በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ተነሣ። ለመንገድ አልደረሰችም፤ የቀኝ የኋላ መብራቷ ሽፋንና የግራ በሯ መስታወት ማንሻ አልተገኙም። ከአንባቢዎቻችን መካከል ከቤቱ ጓዳ ወይም ከድሮ ጋራዥ የዚህች ፊያት ዕቃ ያለው፣ ተሰብሮም ቢሆን ለመለኪያ ይጠቅመናልና፣ ቅዳሜ ጠዋት የክበቡ ክፍል ክፍት ነው።