ቆሎ የተጠቀለለበት መታወቂያ

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ፣ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሎ ገዛሁ። ጥቅልሉን ስፈታው አንዲት ወጣት አፍጥጣ ታየኛለች። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ነው። ሙሉ ስም፣ የእናት ስም፣ የልደት ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ የተጠሪ ስልክ፤ ምንም የቀረ የለም። ሻጭዋን «እማማ፣ ወረቀቱን ከየት ያገኙታል?» ብላቸው «በኪሎ ገዝቼ ነዋ ልጄ። ምነው፣ ቆሎው አልጣፈጠህም?» አሉኝ።

ልጅቷ ኮፒውን ለማን ሰጥታ እንደነበር እንጃ። እኛ ሰፈር ኑሮ ማለት ኮፒ መስጠት ነው። ቤት ስትከራይ ኮፒ፣ ሲም ስታወጣ ኮፒ፣ ለብሎኩ ኮሚቴ ኮፒ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሚገርመው ግን ይሄው ሰው ስልክ ሲያነሳ «ይሄ በስልክ አይወራም» ማለቱ ነው። ባለቤቴ የጤፍ ዋጋ ስታወራ እንኳ ድምጿን ትቀንሳለች። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት፣ በምርመራ ላይ የገዛ ራሳቸው የስልክ ንግግር ተቀድቶ የተሰማባቸው ሰዎች የሰጡትን ቃል አስፍሯል። ታዲያ ፍርሃቱ ዝምታ እንጂ ጥንቃቄ አላስተማረንም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ቤታችንን፣ ደብዳቤያችንን፣ የስልክ ንግግራችንን ይጠብቃል። መንግሥት ለአገር ደኅንነት ወይም ወንጀል ለመከላከል ሊገድበው ቢችል እንኳ ተለይቶ በወጣ ሕግ እንጂ እንዳሻው አይደለም። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። መረጃዬ ለምን እንደተፈለገ የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማስተካከል መብት ይሰጠኛል። ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የ10 ጣቶቻችንን አሻራ፣ ፊታችንንና የዓይናችንን ብሌን ሰጥተናል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ጣት በምን ይቀየራል?

ቅርብ ጊዜ በብሎካችን አንድ ቅጽ ዞሮ ነበር። ቤት ውስጥ ማን ይኖራል፣ የት ይሠራል፣ ማን ለጥየቃ ይመጣል ይላል። ስብሰባ ላይ ተነስቼ «እንግዳዬ ለምን ይመዘገባል? ቅጹስ ማን ጋ ይቀመጣል?» አልኩ። አንዱ ጎረቤት «የምትደብቀው ነገር አለ እንዴ?» ሲለኝ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ግን ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከአልጋም በፊት የገዛነው መጋረጃ አይደል? ያኔ የምንደብቀው ወንጀል ነበረን? ገመና የሚባል ነገር አለ። የጎረቤት ገመና ሲሆን እንሸፍናለን፤ የራሳችንን ግን ቅጽ ላይ ሞልተን እንፈርማለን።

በመጨረሻ ጸሐፊው የእንግዳውን ጥያቄ በእስክሪብቶ ሰረዘው። ቀድመው የሞሉት ሰዎች ወረቀት ማን ቤት እንዳለ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ጋዜጣችሁ አዋጁን እንደኔ ላለው አንባቢ በተራ አማርኛ ቢያብራራልን ደስ ይለኛል። የልጅቷን ኮፒ ብጭቅጭቅ አድርጌ ጣልኩት። ቆሎውን ግን በልቼዋለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ ነዋሪ