ዋሽንግተን ላይ የተመዘገበው፣ እዚህ ያልተመዘገበው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ግብፅ በህዳሴ ግድብ ጉዳይ በዋሽንግተን ሎቢስቶች፣ ማለትም ባለሥልጣናትን በክፍያ የሚጎተጉቱ ወኪሎች፣ ስለ ማሰማራቷ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሐተታው በመሠረቱ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን፣ ማለትም እኛም የበለጠ ገንዘብ አውጥተን የተሻለ ሎቢስት እንቅጠር የሚለው፣ የጉዳዩን ግማሽ ብቻ የሚያይ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ሲሆን በሙያዬ የሒሳብ ምርመራ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ገንዘብ ወጣ በተባለ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው ወጪው የት ተጽፎ እንደሚገኝ ነው።

የጽሑፉ አቅራቢ የጠቀሷቸው አኃዞች ከየት እንደ ተገኙ አልገለጹም። ምንጫቸው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣችው የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው በዚያን ዘመን የናዚ ጀርመንን ቅስቀሳ ለማጋለጥ ታስቦ ቢሆንም ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ለውጭ መንግሥት የሚጎተጉት ድርጅት ውሉን፣ የሚከፈለውን ገንዘብና ያነጋገራቸውን ሰዎች ለአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ሰነዱንም ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። እኔም አንዳንዶቹን ከፍቼ አይቻለሁ። ከውሉ በኋላ ሠንጠረዥ ይመጣል፤ ቀኑ፣ የተገናኙት ሰው ስምና የሥራ ድርሻ፣ ግንኙነቱ በስልክ ይሁን በኢሜይል ወይም በአካል፣ የተነጋገሩበትም ጉዳይ በየረድፉ ሰፍሯል። አብዛኛው አሰልቺ ነው፤ ለአንድ እንደራሴ ረዳት ኢሜይል ተላከ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደ ገና ተላከ፣ ከዚያም ስልክ ተደወለ። ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ከእንዲህ ያለው ሠንጠረዥ የበለጠ የሚያስደስት ንባብ የለም።

ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2013 ግሎቨር ፓርክ ግሩፕ የተባለውን ድርጅት በወር 250 ሺሕ ዶላር፣ በ2020 መገባደጃ ደግሞ ብራውንስቲን የተባለውን የሕግ ድርጅት በወር 65 ሺሕ ዶላር መቅጠሯን ያወቅነው ከዚሁ መዝገብ ነው። ነገር ግን መዝገቡ የሚናገረው ስለ ግብፅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያ ኤምባሲ ኤስ.ጂ.አር. ከተባለ የሎቢ ድርጅት ጋር በወር 150 ሺሕ ዶላር ተዋውሏል፤ ያን ጊዜ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ከዚያም አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኤች.አር. 2003 እየተባለ የሚታወቀው ስለ ኢትዮጵያ የቀረበ ረቂቅ ሕግ በአሜሪካ ምክር ቤት ሲታይ፣ መንግሥታችን ዲ.ኤል.ኤ. ፓይፐር የተባለውን ድርጅት አሰማርቶ ነበር፤ ለእኛ ከሚሠሩትም መካከል የቀድሞው የተወካዮች ምክር ቤት የአብላጫው መሪ ዲክ አርሜ ይገኙ ነበር። ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም ሴኔት ላይ ቀረ።

አንድ የኢትዮጵያ ግብር ከፋይ የራሱ ገንዘብ በዋሽንግተን ለማን እንደ ተከፈለ የተረዳው ከአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ነው። ለህዳሴ ግድብ ስናዋጣ እያንዳንዳችን የቦንድ ሰርተፍኬት ተሰጥቶናል፤ ከደመወዛችን የተቆረጠውም በፔሮል ላይ በስማችን አንጻር ተጽፏል፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ የከተማችን ሰው ያንን ወረቀት ከሣጥኑ አውጥቶ ለልጆቹ አሳይቷል። ስለዚያው ግድብ ተከራከሩልን ተብሎ ለውጭ ድርጅቶች ለሚከፈለው ገንዘብ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አላየንም።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ፤ ጉትጎታን በደፈናው የማወግዝ ሰው አይደለሁም። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ያጸደቀው ኤች.ሬስ. 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ በአብዛኛው የኢትዮጵያውያንና የትውልደ ኢትዮጵያውያን ድካም ውጤት ነው፤ ከብርቱ ደጋፊዎቹ አንዱ የነበሩት ማይክ ኮፍማን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን የኮሎራዶ ወረዳ የወከሉ እንደራሴ ነበሩ። መራጭ እንደራሴውን አቤት ሲል ሥራውን ሠራ እንጂ ነውር አልሠራም። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ተደንግጓል።

የነውሩን መልክ ለማየት የሴናተር ቦብ ሜኔንዴዝን ጉዳይ ማንሣት ይበቃል። የኒው ጀርሲው ሴናተር የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 በቀረበባቸው ክስ መሠረት መርማሪዎች ቤታቸውን ሲፈትሹ ከ480 ሺሕ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ በፖስታ ውስጥ ሆኖ በልብስ መካከል ተደብቆ፣ እንዲሁም የወርቅ ጡብ አግኝተዋል። ይኸው የክስ ሰነድ ሴናተሩ በ2020 ስለ ህዳሴ ግድብ ድርድር መጓተት ሥጋታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ለአገራቸው የገንዘብና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች መጻፋቸውን ይጠቅሳል። በ2024 ጉቦ በመቀበልና የግብፅ መንግሥት ወኪል ሆነው በመሥራት ጥፋተኛ ተባሉ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያም 11 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ከቤቴ በእግር በምደርስበት ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ በዚያ የክስ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ማየት እንግዳ ስሜት ያሳድራል። ለክርክሬ የሚጠቅመኝ ግን ሌላ ነጥብ ነው። ግብፅ ለብራውንስቲን በወር የምትከፍለው 65 ሺሕ ዶላር በይፋ መዝገብ ስለ ሰፈረ፣ በልብስ መካከል የተገኘው ገንዘብ ለብቻው ጎልቶ ታየ፤ ማንም ጠበቃ ሁለቱን አቀላቅሎ እንደ ተራ የፖለቲካ ሥራ ሊያቀርበው አልቻለም።

አሜሪካንን ለአርአያነት አላቀርባትም። ለፌዴራል ሎቢ በዓመት ከአራት ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚወጣባት አገር ናት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷም እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያዎች በራሳቸው ስም ለምርጫ ቅስቀሳ ያለ ገደብ ገንዘብ እንዲያወጡ በአንድ ድምፅ ብልጫ ፈቅዷል። መዝገቡ ገንዘቡን አላስቆመውም። ቢያንስ ግን ዜጋው በማን ላይ መቆጣት እንዳለበት ያውቃል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ሕግ ጨርሶ የለንም አይባልም። የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋ፣ ከውጭ መንግሥትና ካልታወቀ ምንጭ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የውጭ ድርጅቶች የፖለቲካ ፓርቲዎችን እንዳይጎተጉቱ ያግዳል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦን፣ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የባለሥልጣናትን ሀብት ምዝገባ ይመለከታሉ። ሁሉም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ በሁሉም መካከል ግን ሰፊ ክፍተት አለ። አንድ የአገር ውስጥ ባለሀብት ከአንድ ሚኒስትር ወይም ከአንድ የክልል ቢሮ ኃላፊ ጋር ተገናኝቶ ስለ መመሪያ፣ ስለ ቀረጥ ወይም ስለ መሬት ሲነጋገር ንግግሩን መዝግቡ የሚል ሕግ የለም።

ይህ ክፍተት ከቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በሐይቁ ዳር የሚሠሩ ጥቂት ዓሣ አስጋሪዎች ታንኳቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ሊታጠር መሆኑን ሰምተው ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ሲያዘጋጁ፣ የገቢያቸውን ሒሳብ እንዳሰላላቸው ስለ ጠየቁኝ አብሬያቸው ሄድኩ። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገባ፤ ቀን ተጻፈበት፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ማኅተም ተመታበት፣ ለሚመለከተው ክፍልም ተመራ። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ያዩን አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ በክፋት ሳይሆን እውነት አዝነው፣ በዕድሜ ትልቁን አስጋሪ «አባባ፣ ውስጥ ሰው አላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው «ሰው ቢኖረን ወረቀት ምን ያደርግልናል፣ ልጄ» ብለው መለሱ። ቦታው ኋላ ታጠረ። ያሳጠረው ወገን ሕግ ጥሷል አልልም፤ የማውቀው ነገር ስለሌለ ልል አልችልም። የድሆቹ አቤቱታ ግን በቁጥርና በማኅተም ተመዝግቦ ይገኛል፤ የባለ ገንዘቡ አቤቱታ መቼ፣ በማን በኩል፣ ለማን እንደ ቀረበ የሚያሳይ አንድ መስመር በዚያ መዝገብ ቤት የለም።

ይህን በአገር ደረጃ አስፍተን እንየው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በተካሄደው «ገበታ ለሸገር» ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር እራት ለመብላት የአንድ ሰው መግቢያ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ቀጥሎ በመጣው «ገበታ ለሀገር» ከተያዙት ሦስት ፕሮጀክቶች አንዱ ጎርጎራ፣ እዚሁ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘው ነው። ገንዘቡ ለልማት እንዲውል የተሰበሰበ መሆኑን፣ በጎርጎራም ሥራው በዓይን የሚታይ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለአንድ ወንበር ሚሊዮኖች የከፈለ ነጋዴ በዚያው ዓመት የመንግሥት ጨረታ ተወዳድሮ፣ የባንክ ብድር ጠይቆ ወይም የቀረጥ ነፃ መብት አመልክቶ ከሆነ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ አካል ሊኖር ይገባ ነበር። ምናልባት ምንም አይገኝም ይሆናል። ሳይመረመር ምንም የለም ማለትና ተመርምሮ ምንም የለም ማለት ግን በእኛ ሙያ እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው፤ ተሳዳቢውንም ሐሜተኛውንም ዝም የሚያሰኘው ሁለተኛው ነው።

ምርመራ ሲዘገይ የሚሆነውንም በክልላችን አይተናል። በቀድሞው የክልሉ ገዥ ፓርቲ በብአዴን ሥር የነበረው የንግድ ድርጅት ጥረት ኮርፖሬት የሕዝብ ሀብት ነው እየተባለ ለዓመታት ሲሠራ፣ ስለ አክሲዮንና ስለ ሽያጩ ሕዝቡ በዝርዝር የሰማው የፖለቲካው ነፋስ ከተለወጠ በኋላ፣ ባሕር ዳር ላይ ባስቻለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ በ2012 ዓ.ም.ም ሁለት ነባር የፓርቲው መሪዎች ተፈረደባቸው። ስለ ፍርዱ ብዙ ተብሏል፤ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የኔ ቅሬታ ሒሳቡ በየዓመቱ በአደባባይ መነበብ ሲገባው ባለቤቶቹ ከሥልጣን እስኪወርዱ መጠበቁ ነው።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ አጭር ሕግ ቢያወጣ በቂ ይመስለኛል። ሚኒስትሮች፣ የክልል ቢሮ ኃላፊዎችና የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ስለ ሕግ፣ ስለ መመሪያ፣ ስለ መሬትና ስለ ግዥ ያነጋገሯቸውን ሰዎች ማንነት፣ የመጡበትን ጉዳይና የወከሉትን ድርጅት በየወሩ ያሳውቁ። ጉዳይ ገዳይ መቼም ራሱን አያስመዘግብም የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ ልክ ናቸው፤ ግዴታውን በሩን በሚከፍተው ባለሥልጣን ላይ መጣል የፈለግሁትም ለዚህ ነው። የኃላፊው ጸሐፊ የቀጠሮ ደብተር ቀድሞውንም ይዛለች፤ የሚጎድለው ደብተሩ ከመሥሪያ ቤቱ መውጣቱ ብቻ ነው። በሆቴል አዳራሽና በሠርግ ድንኳን ውስጥ የሚደረገው ንግግር እንደሚያመልጥ አውቃለሁ፤ በቢሮ የሚደረገው ቢመዘገብ እንኳ ብዙ ነው።

ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ጋዜጣችሁ ዛሬ ሊጀምረው የሚችል ሥራ አለ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል፤ ለመልሱም የ30 ቀን ጊዜ ያስቀምጣል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለፉት ዓመታት ከውጭ የሎቢ ድርጅቶች ጋር የገባቸውን ውሎች፣ የተከፈለውን ገንዘብና ድርጅቶቹ ያቀረቡትን የሥራ ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቁልን። መልስ ከተገኘ ከአሜሪካው መዝገብ ጋር አመሳክሮ ልዩነት ካለ ማውጣት የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ነውና፣ ያንን ያለ ምንም ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ ከባሕር ዳር